ገደሉ ጋ ሲደርስ የሚጠብ መረብ

ሐምሌ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደቡብ፣ ወደ ይጁቤ የሚወስደው መንገድ ግራና ቀኙ ማሳ ነው። በሬ ጠምዶ የሚያርሰው፣ ለጤፍ መሬቱን የሚያለሰልሰው፣ ከኋላ ሆኖ ጓል የሚከሰክሰው ሁሉ ከመንገዱ ይታያል። ሜዳው ይቀጥላል፤ አሁንም ይቀጥላል። የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን ይጁቤን አልፎ ወደ ዓባይ አቅጣጫ የሚራመድ ሰው ግን አንድ ቦታ ላይ እግሩን ይሰበስባል። መሬቱ እዚያ ላይ ይከዳል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተዘርግቶ የቆየው ሜዳ ጫፉ ተቆርጦ፣ ደረጃ በደረጃ እየወረደ፣ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ይጠልቃል። ታች ያለው ዓባይ ነው።

ላይ ጋቢ ደርቦ የቆመ ሰው ታች ሲደርስ ጋቢውን አውልቆ ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ላይ ጤፍና ስንዴ፣ ታች ማሽላ። ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ውሎ ታች ቆላው ፀሐይ ሊሆን ይችላል፤ ላይ ጠብ ሳይል ደግሞ ከጮቄ ተራራ የተነሣው የጨሞጋ ወንዝ ደፍርሶና ሞልቶ ሊወርድ ይችላል። ይህን ለአካባቢው ገበሬ የሚነግረው ሰው አያስፈልግም። ሬዲዮኑን ከፍቶ የሚሰማው ትንበያ ግን «ምሥራቅ ጎጃም» ብሎ በአንድ ስም ይጠራዋል። በዚያ ስም ውስጥ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው የጮቄ ብርድ አለ፤ የዓባይ በረሃ ሙቀትም አለ። ገበሬው ማወቅ የሚፈልገው ስለ ራሱ ማሳ ነው።

ትንበያውን የሚሠራው ኮምፒውተር ታዲያ ገደሉን ያየዋል ወይ? ካየውስ ያየውን ለሰው እንዴት ነው የሚያሳየው? በዓለም ላይ ብዙ ሊቃውንት የደከሙበት አንድ ጥበብ ለዚህ ጥያቄ መልስ አለው። ስለ ጥበቡ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ የሚያውቁ አሉ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ግን በስም እንኳ ብዙም አልሰማውም።

## የወንፊት ዐይን

ኮምፒውተር አየርን፣ ውኃን ወይም አፈርን ሲያሰላ መሬት ላይ መረብ ይዘረጋል። በእያንዳንዱ የመረብ ዐይን ውስጥ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል፦ አንድ ከፍታ፣ አንድ ሙቀት፣ አንድ የዝናብ መጠን። በዚያ ዐይን ውስጥ ያለው መሬት ሁሉ ለኮምፒውተሩ አንድ ነው። ወንፊት የያዘች እናት ሁሉ እንደምታውቀው፣ ዐይኑ ከሰፋ እንክርዳዱም ከጤፉ ጋር አብሮ ያልፋል።

የመረቡ ዐይን 9 ኪሎ ሜትር በ9 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ከይጁቤ በታች፣ መሬቱ በሚከዳበት ጫፍ ላይ የሚያርፈው ዐይን ግማሹ ሜዳ፣ ግማሹ ገደል ይሆናል። ኮምፒውተሩ ሁለቱን አማክሎ አንድ ከፍታ ይጽፋል። ከሜዳው ዝቅ፣ ከቆላው ከፍ ያለ መሬት ማለት ነው። እንዲህ ያለ መሬት በቦታው የለም። በሌለ መሬት ላይ ደመና ይወጣል፣ በሌለ መሬት ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ውጤቱም ትንበያ ተብሎ ይወጣል።

መረቡን ሁሉንም ቦታ አጥብቦ መገላገል የማይቻለው በዋጋው ነው። 100 ኪሎ ሜትር በ100 ኪሎ ሜትር የሆነ አካባቢ እንውሰድ። ዐይኑ አንድ ኪሎ ሜትር ከሆነ መረቡ 10,000 ዐይኖች ይኖሩታል። ወደ 100 ሜትር ብናጠብበው አንድ ሚሊዮን ይሆናሉ። ይህ ደግሞ መሬቱን ብቻ እንደ ምንጣፍ ስናየው ነው። አየር ቁመት አለው፤ በርዝመት፣ በስፋትና በቁመት ዐይኑን በግማሽ ማጥበብ ሥራውን ስምንት እጥፍ ያደርገዋል። ዐይኑ ሲጠብ ኮምፒውተሩ በጊዜም አጭር አጭር እርምጃ መራመድ ስላለበት በጠቅላላው ዐሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። አንድ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ስሌት ከጠዋት እስከ ማታ ይዞ ይውላል፤ የነገውን ዝናብ ለመተንበይ የተጀመረው ሥራ ሲያልቅ ዝናቡ ዘንቦ አባርቶ ያገኘዋል።

የመሬት ይዞታ የሚለካ ባለሙያ ማሳ ላይ ሲሠራ ያየ ሰው መፍትሔውን አይቶታል። ማሳው በቀጥታ በሚሄድበት በኩል ሁለት ካስማ ይበቃዋል፤ አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ። ወንዝ ዳር ሲደርስ፣ ድንበሩ እንደ እባብ በሚጥመለመልበት ቦታ፣ በየአምስትና በየስድስት እርምጃው ካስማ ይተክላል። በሜዳው በኩል ይህን ያህል ካስማ ቢተክል ጊዜውን በከንቱ ያባክናል፤ በወንዙ በኩል ባይተክል የሰው መሬት ይቆርጣል።

ኮምፒውተሩም እንዲሁ ቢያደርግስ? ከላይ ባነሣነው አካባቢ ገደሉና ወንዞቹ የመሬቱን አንድ ዐሥረኛ ቢይዙ፣ እነሱ ላይ ብቻ መረቡን ወደ 100 ሜትር አጥብቦ ሌላውን በሰፊው መተው ይቻላል። በአንድ ሚሊዮን ፈንታ 110,000 ያህል ዐይን ይበቃል። ባለሙያዎቹ ይህን ዘዴ «አዳፕቲቭ ሜሽ ሪፋይንመንት»፣ በአጭሩ ኤ ኤም አር ይሉታል። እኛ እንደ አስፈላጊነቱ የሚጠብ መረብ እንበለው።

> በሌለ መሬት ላይ ደመና ይወጣል፣ በሌለ መሬት ላይ ዝናብ ይዘንባል፤ ውጤቱም ትንበያ ተብሎ ይወጣል።

## ጥርጣሬውን የሚለካ ስሌት

ዘዴው መልክ ይዞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ማርሻ በርገር የምትባል የሒሳብ ሊቅና በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህሯ የነበረው ጆሴፍ ኦሊገር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኮምፒውተሩ ራሱ የት ቦታ ማጥበብ እንዳለበት የሚያውቅበትን መንገድ አሳዩ። ኮምፒውተሩ አንዱን ስሌት በሁለት ዓይነት ያሰላዋል፤ አንዴ በሰፊ፣ አንዴ በጠባብ እርምጃ። ሁለቱ መልሶች ከተስማሙ ያንን ቦታ ይተወዋል። ካልተስማሙ ቦታው ላይ ምልክት ያደርጋል። ምልክቶቹን በአራት ማዕዘን ይሰበስብና በላያቸው ጠበብ ያለ መረብ ያነጥፋል። በዚያም ላይ ጥርጣሬ ካለ ሌላ ጠባብ መረብ ይደርባል። የሚሰላው ማዕበል ቦታውን ሲለቅ ጠባቡ መረብም ተከትሎት ይሄዳል።

በርገርና ፊሊፕ ኮሌላ እ.ኤ.አ. በ1989 ዘዴውን ለድንጋጤ ሞገድ፣ ማለትም ፍንዳታና ከድምፅ የፈጠነ በረራ ለሚፈጥሩት ሞገድ አዋሉት። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት እንዴት እንደተወለዱ፣ እሳት በሞተር ውስጥ እንዴት እንደሚነድ፣ የባሕር ማዕበል ከውቅያኖስ መካከል ተነሥቶ ወደብ ሲደርስ ምን እንደሚያደርስ የተሰላው በዚህ ዓይነት መረብ ነው። ራንዳል ለቬክ፣ በርገር፣ ዴቪድ ጆርጅና ባልደረቦቻቸው የሠሩት ጂኦክላው የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ውኃ በወጣ ገባ መሬት ላይ ሲሮጥ ይከተለዋል። ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው ጥናት ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1959 የተደረመሰውንና ከ400 በላይ ሰዎች የሞቱበትን የማልፓሴ ግድብ ጎርፍ በዚሁ ዘዴ አስልቶታል። ውኃው ሸለቆውን ተከትሎ ሲወርድ ጠባቡ መረብ ከጎርፉ ግንባር ጋር አብሮ ወረደ።

በእኛ አገር የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ለትንበያ ከሚጠቀምባቸው ሞዴሎች አንዱ ባለሙያዎቹ «ወርፍ» እያሉ የሚጠሩት ነው። ወርፍ የዚህ ቤተሰብ የቅርብ ዘመድ ነው። በሰፊው መረብ ውስጥ ጠበብ ያለ መረብ፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ይቀመጣል፤ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌላው በሦስት እጅ ይጠባል። 27 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ 9፣ ከዚያ 3 ይሆናል ማለት ነው። ልዩነቱ ጠባቡን መረብ የት እንደሚያስቀምጥ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚወስነው ሰው መሆኑ ነው። ሰው ደግሞ ዐይኑ ያረፈበትን ያስቀድማል፤ ዋና ከተማን፣ ትልቅ ግድብን፣ አውሮፕላን ማረፊያን። ይጁቤን ማን ያስባታል?

## ማስላት አንድ ነገር፣ ማሳየት ሌላ

ስሌቱ አለቀ እንበል። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ነው፤ ብዙ ሚሊዮን ቁጥር። ቁጥሩ እንደ ሠንጠረዥ በወጉ የተደረደረ አይደለም። ሰፊው መረብ ከሥር አለ፤ በላዩ ጠባቡ ተደርቧል፤ በዚያ ላይ ሌላ። አንዱ ቦታ አንድ ቁጥር አለው፤ ሌላው ቦታ ሦስት ቁጥር ተደራርቦበታል። የትኛው ይታይ? ይህን የሚመልሱት የማሳያ ሶፍትዌሮቹ ናቸው፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እነሱ ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ታዋቂዎቹ ጥቂት ናቸው። ፓራቪው ኪትዌር የተባለው ኩባንያና የአሜሪካው ሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመሩት ሲሆን ከሁለት ዓመት በኋላ ለሕዝብ ወጥቷል። ቪዚት የተሠራው በሎረንስ ሊቨርሞር ቤተ ሙከራ ነው። ዋይቲን የጀመረው ማቲው ተርክ ተማሪ ሳለ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ከዋክብት ውልደት ሲያሰላ የራሱን ውጤት የሚያይበት መሣሪያ ስላስፈለገው ነው። ዛሬ ብዙ ሰዎች በጋራ የሚያበለጽጉት ሆኗል። ቬፐር ደግሞ የአሜሪካ የከባቢ አየር ምርምር ማዕከል ለአየርና ለውቅያኖስ ስሌት ያዘጋጀው ነው፤ የወርፍን ውጤት ይከፍታል።

አራቱም ነፃ ናቸው። ፈቃድ አይገዛላቸውም፤ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ መጠነኛ ውሂብ ከሆነ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። አንዴ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት ባይኖርም አያቆሙም። ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ በሚጠፋበት አካባቢ ለሚማር ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንዴት እንደሚሠሩ ከይጁቤ ጋር አያይዘን እንይ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 ኢንደቨር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር በራዳር የምድርን ከፍታ ለካች። የአፍሪካው ክፍል በ30 ሜትር ጥራት ለሁሉም ክፍት የሆነው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። መረጃው በአንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ሰሌዳ ተከፋፍሏል። ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ያለው አንዱ ሰሌዳ ጮቄን፣ ደብረ ማርቆስንና ይጁቤን አንድ ላይ ይይዛል። በዚህች አንዲት ሰሌዳ ላይ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ የከፍታ ቁጥር አለ። የዓባይ ሸለቆ በሙላት እንዲታይ ከደቡቧ ያለችው ትጨመርባታለች።

አሁን ሰሌዳዋን አንድ ትልቅ ካሬ እናድርጋትና አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ በዚህ ካሬ ውስጥ ከፍተኛውና ዝቅተኛው መሬት ከ30 ሜትር በላይ ይለያያሉ? አዎ። እንግዲያው ለአራት ትከፈል። አራቱንም እንዲሁ እንጠይቅ። አዎ ያለው ይከፈላል፤ አይደለም ያለው እንዳለ ይቀራል። ይህን ደጋግመን ስናበቃ ውጤቱን በፓራቪው እንከፍተዋለን።

መጀመሪያ የሚታየው እንደተለመደው ቀለም ነው፤ ከፍታው ቡናማ፣ ዝቅታው አረንጓዴ። ያምራል፤ ይህ ግን ማንኛውም ካርታ የሚያሳየው ነው። ቀጥሎ ቀለሙን እናጥፋና የመረቡን መስመሮች ብቻ እንተው። ነጭ ሰሌዳ ላይ ጥቁር ቀጭን መስመር ብቻ ይቀራል። ያኔ ደጋው ሜዳ ሰፋፊ ባዶ ካሬዎች ሆኖ ይነጣል። ከጮቄ የሚወርዱት ወንዞች ቁልቁል የሚሮጥ የቀለም ጭረት ይመስላሉ። ወደ ደቡብ፣ ሜዳው የሚከዳበት ቦታ ላይ፣ መስመሮቹ እየደቀቁ፣ እየተጠጋጉ ሄደው ይጠቁራሉ። ገደሉን ማንም አልሳለውም፤ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ «እዚህ ጋ አልገባኝም፣ ልጠጋ» ያለባቸው ቦታዎች ተደምረው ነው ገደል የሆኑት። ይጁቤ በነጩና በጥቁሩ መካከል፣ ወደ ነጩ ያዘነበለ ቦታ ላይ ናት።

እኔ በዚህ ጥበብ ከሁሉ የምወደው ይህንን ምስል ነው። ቀለሙ መሬቱን ሲያሳይ፣ መስመሩ የማሽኑን ዕውቀት ወሰን ያሳያል።

> ገደሉን ማንም አልሳለውም፤ ኮምፒውተሩ ደጋግሞ «እዚህ ጋ አልገባኝም፣ ልጠጋ» ያለባቸው ቦታዎች ተደምረው ነው ገደል የሆኑት።

## የውሸት ስንጥቅ

ችግር ያለው መረቦቹ በሚገናኙበት ስፌት ላይ ነው። አንድ ትልቅ ካሬ ከሁለት ትናንሽ ካሬዎች ጋር ጎን ለጎን ተቀምጧል። የትልቁ ጠርዝ ሁለት ጫፍ አለው፤ በመካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ይሰምራል። በትናንሾቹ በኩል ግን ልክ መካከሉ ላይ ሌላ ነጥብ አለ፤ እሱም የራሱን እውነተኛ ከፍታ ይዞ ከመስመሩ ዝቅ ወይም ከፍ ብሏል። ሁለቱ ወገኖች አይገጥሙም። በመሐል ቀጭን ክፍተት ይከፈታል። በስክሪኑ ላይ ጥቁር ስንጥቅ ሆኖ ይታያል።

ይህን የሶፍትዌር ጉድለት ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ በዓባይ በረሃ ጉዳይ ግን አይታለፍም። ሸለቆው ከላይ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከታች አሸዋማ ድንጋይ ነው። ጠንካራው በልሉ ላይ ተቀምጧል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገረው መንገድ በመሬት መንሸራተት ስንት ጊዜ እንደተሰነጠቀና እንደተጠገነ በዚያ መስመር የሚመላለስ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። መሬቱ በእውነት በሚሰነጠቅበት ቦታ ላይ ኮምፒውተሩ የውሸት ስንጥቅ ከሳለ፣ ምስሉን የሚያይ የመንገድ መሐንዲስ የትኛውን ይመን?

እ.ኤ.አ. በ2001 ጉንተር ዌበርና ባልደረቦቹ ለዚህ ስንጥቅ መስፊያ አቀረቡ። በሁለቱ መረቦች መካከል ያለውን ክፍተት በተለያየ ቅርጽ ባላቸው ቁራጮች እየሞሉ፣ ልብስ እንደሚጣፍ ማያያዝ ነው። ሌላው ዘዴ እያንዳንዱ መረብ ጎረቤቱ ምን እንደያዘ እንዲያውቅ በዳርቻው ላይ የጎረቤቱን ቁጥር የሚይዙ ተጨማሪ ዐይኖች መስጠት ነው። ሦስተኛው፣ ሰነፉ መንገድ፣ ሁሉንም በአንድ ዓይነት መረብ እንደገና መጻፍ ነው። ስፌቱ ይጠፋል፤ ምስሉ ይለሰልሳል፤ ነገር ግን ሰፊ የነበረውም ጠባብ የነበረውም አንድ መልክ ይይዛል። በሰፊ መረብ በግምት የተሞላው ቦታ በጠባቡ በጥንቃቄ ከተሰላው ጋር እኩል የታወቀ መስሎ ይቀርባል።

ከስንጥቁ ይበልጥ የምፈራው ይህንን ነው። ስንጥቅ ዐይን ይወጋል፤ ሰው «ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያማረና የለሰለሰ ምስል ግን ጥያቄ አያስነሣም። በአንድ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ውሳኔ ይወሰንበታል። የትኛው ቀበሌ የእርከን ሥራ ይጀመርበት፣ የትኛው ድልድይ ይቅደም፣ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ለማን ይድረስ የሚባለው በእንዲህ ዓይነቱ ምስል ሊሆን ይችላል። ጥሩ ማሳያ ሶፍትዌር ሰፊውን ዐይን በሰፊው፣ ጠባቡን በጠባቡ ያሳያል፤ የእያንዳንዱን ደረጃ ወሰን በሣጥን ይከባል፤ የተደራረበውን ከሥር ደብቆ ከላይ ያለውን ያወጣል። ፓራቪውም ቪዚትም ይህን ማድረግ ይችላሉ። ምስሉን የሚያወጣው ሰው ግን ካልጠየቃቸው ሁሉንም ላያደርጉ ይችላሉ።

## ደቻቱና ጎፋ

ነገሩ የምሁራን ጨዋታ ለሚመስለው ሁለት ሐምሌዎችን ላስታውሰው።

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ሌሊት፣ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ የሚከርመው የድሬዳዋ ደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ጠራረጋት። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ዝናቡ የዘነበው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ላይ ነው፤ ከተማው ተኝቶ ነበር። ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ በሰፊ መረብ ውስጥ አይገኝም። ዐይኑ ይሰፋል፤ ወንዙ ይጠፋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከዝናብ በኋላ ተራራው ተንሸራተተ። ሰዎችን ለማውጣት የሮጡ ሌሎች ሰዎች እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው ናዳ ተከመረባቸው። እዚያም የሞቱት ከ200 በላይ ናቸው። ጭቃና ድንጋይ ተቀላቅሎ ሲወርድ የሚያሰላ፣ ከጂኦክላው የተወለደ ሶፍትዌር በዓለም አለ፤ የመሬቱም ከፍታ ቁጥር ለሁሉም ክፍት ነው። ሶፍትዌር ናዳን አያስቆምም። ከየት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል ቀድሞ አስልቶ ግን ለቀበሌ ሊቀመንበር በሚገባ ምስል ሊያሳይ ይችላል።

ባሶ ሊበንም በዚህ ሥጋት ውስጥ ነው። ማሳ ዳር የተጀመረች ትንሽ ቦረቦር በሁለት ክረምት ውስጥ በሬ የማያሻግር ገደል ስትሆን ገበሬው ያያል። ከዚያ የሚታጠበው አፈር ወደ ዓባይ ይወርዳል፤ የውኃውም የደለሉም መድረሻ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ነው።

## «እዚህ ጋ አጥብብ» የሚለው ማን ነው?

የማሽኑ መመዘኛ ቁጥር ነው። እኛ ከላይ 30 ሜትር አልን። በ30 ሜትር መመዘኛ የተሠራ መረብ ሁለት ሜትር ጥልቀት ያላትን አዲስ ቦረቦር ባዶ ነጭ ካሬ አድርጎ ያልፋታል። ለገበሬው ግን የዘንድሮ ጭንቀቱ እሷ ናት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጂኦክላውን የመሰሉ ሶፍትዌሮች ሰው በእጁ «ይህን ቦታ የግድ አጥብብ» ብሎ እንዲያዛቸው በር ትተዋል። ማሽኑ ባይጠረጥርም ሰው ከጠረጠረ መረቡ ይጠባል። ስለዚህ የት መጥበብ እንዳለበት መናገር የፕሮግራመር ብቻ ሥራ አይደለም። መሬቱን የሚያውቅ ሰው መናገር ይችላል፤ እንዲናገር ግን መጀመሪያ ማየት አለበት። መረቡን ካላየ ማሽኑ የት እንዳልተጠጋ በምን ያውቃል?

በከተማ ያሉ አንዳንድ ባለሙያዎች ገበሬ እንዲህ ያለውን ምስል አይረዳም ይላሉ። እኔ አልስማማም። መሬቱን በጥማድ የሚቆጥር፣ የእያንዳንዱን ማሳ ስም የሚያውቅ፣ ውኃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ቦይ ቀድዶ የሚያሳይ ሰው፣ መስመር የበዛበትና ባዶ የቀረ ቦታ ቢያሳዩት ልዩነቱን ለማየት ትምህርት ቤት መግባት አይጠበቅበትም። የከበደው ነገር ወረቀቱን ወደ እሱ የሚያመጣለት ሰው አለመኖሩ ነው። የግብርና ልማት ሠራተኞች በበኩላቸው ከላይ የተላከ ካርታ ይደርሳቸዋል እንጂ ካርታው እንዴት እንደተሠራ የሚያሳይ ነገር እንደማይደርሳቸው ይናገራሉ። ቅሬታቸው ተገቢ ነው።

ተማሪዎችም የሚሉት አላቸው። ሒሳቡን ለብቻ፣ ኮምፒውተሩን ለብቻ፣ ጂኦግራፊውን ለብቻ ይማሩታል፤ በፈተና ወረቀት ላይ የሚሰጠው መረብ ደግሞ ሁልጊዜ እኩል ዐይን ያለው፣ ከየትኛውም አገር ያልሆነ ካሬ ነው። ልጁ ከይጁቤ መጥቶ፣ ገደል ዳር ተወልዶ፣ አራት ዓመት ተምሮ፣ አንድ ቀን እንኳ ያንን ገደል በስክሪኑ ላይ ሳያይ ይመረቃል።

ለዚህ ነው ጥያቄዬን ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የማቀርበው፤ በሒሳብ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ፣ በጂኦሎጂ፣ በጂኦግራፊና በግብርና ላላችሁ ሁሉ። የጀመራችሁ ካላችሁ ቀጥሉበት፤ ያልጀመራችሁ ዘንድሮ ጀምሩ። ከአምስቱም ክፍል ጥቂት ተማሪዎችን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጡ። ፓራቪውን ወይም ቪዚትን ጫኑላቸው። ጮቄን፣ ማርቆስንና ይጁቤን አንድ ላይ የያዘችውን ያችን ሰሌዳ ስጧቸው። ቀለሙን አጥፍተው፣ መስመሩን ትተው በትልቅ ወረቀት ያትሙት። ወረቀቱን ጠቅልለው ወደ ይጁቤ ይውረዱ፤ በገበያ ቀን፣ ገበሬው ሁሉ ከቆላም ከደጋም በሚሰበሰብበት፣ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉትና እርሳስ ይስጡ። ከዚያም «አባቴ፣ እርስዎ የሚያውቁት መሬት የቱ ላይ ነው ነጭ ሆኖ የቀረው?» ብለው ይጠይቁ።